በቁልፍ መያዣ ላይ የሚንጠለጠሉ ስለቶች፦ የትኛው ይቆርጣል? የትኛውስ በር ላይ ይቀራል?

በመርካቶም ሆነ በሌላ የንግድ ሰፈር የማለዳው ሥራ የሚጀመረው በመቁረጥ ነው። ካርቶን ይከፈታል፣ ሲባጎ ይበጠሳል፣ የኬሻ አፍ ይፈታል፣ የታሸገ ፖስታ ይቀደዳል፣ ከአዲሱ ሸሚዝ ላይ የተንጠለጠለችው ክር ትነሳለች። ለዚህ ሁሉ ብዙው ሰው የሚጠቀመው እጁ ላይ የተገኘውን ነው፤ የሱቁን ቁልፍ፣ እስክሪብቶ፣ ጥርሱን፣ ካልሆነም ከጎረቤት የተዋሰውን ቢላዋ። ውጤቱ የታወቀ ነው። የቁልፉ ጥርስ ይበላል፣ እስክሪብቶው ይሰበራል፣ ካርቶኑ ሲከፈት ደግሞ ከላይ የተደረደረው ሸሚዝ አብሮ ይቀደዳል። በዚህ ዓይነት የተቀደደ አንድ ሸሚዝ ዋጋው ከአንድ ደህና የኪስ ሰንጢ ዋጋ ሊበልጥ ይችላል።

ለዚህ ችግር መፍትሔ ተብለው በዓለም ገበያ ላይ የዋሉት ከቁልፍ ጋር የሚንጠለጠሉ ጥቃቅን መቁረጫዎች ናቸው። መጠናቸው ከአውራ ጣት እምብዛም ባይበልጥም ዓይነታቸው ብዙ፣ የዋጋ ልዩነታቸውም ሰፊ ነው። ገዢም ሆነ አስመጪ በእነዚህ ዕቃዎች ላይ በሁለት መንገድ ይከስራል። አንደኛው የማይቆርጥ ስለት መግዛት ነው። ሁለተኛው ደግሞ በደንብ የሚቆርጠውን ገዝቶ በአውሮፕላን ማረፊያ ፍተሻ ላይ ማስረከብ ነው። ወደ ዱባይ ወይም ወደ ጓንዡ ለሚመላለስ ነጋዴ ሁለተኛው ኪሳራ ከመጀመሪያው ይልቅ ቅርብ ነው።

ስለዚህ እነዚህን ዕቃዎች ለማወዳደር ስንት መሣሪያ እንዳዘሉ መቁጠር አይበቃም። መታየት ያለባቸው ነገሮች ሦስት ናቸው፤ ምን ይቆርጣሉ? ማጠፊያቸውና ብረታቸው ምን ያህል ይጸናል? ቁልፉ የሚሄድበት ቦታ ሁሉ አብረው ይሄዳሉ ወይ?

ስድስቱ ዓይነቶች

የመጀመሪያው ሁሉም ሰው የሚያውቀው ጥፍር መቁረጫ ነው። ብዙዎቹ ቀለበት ኖሯቸው ከቁልፍ ጋር ይንጠለጠላሉ። በዓለም ገበያ ስሙ ከታወቁት አንዱ የደቡብ ኮሪያው 777 ነው። ጥፍር መቁረጫ ካርቶን አይከፍትም፤ ክርና ቀጭን የፕላስቲክ ማንጠልጠያ ግን ጨርቁን ሳይነካ ይቆርጣል። ለልብስ ሻጭ ከብዙ ቢላዋ ይሻላል። አንዳንዱ ከመቁረጫው ጋር ትንሽ ስለትና ቆርኪ መክፈቻ አጣምሮ ይመጣል። ይህች ተጨማሪ ስለት እንደ ጥቅም ብትታይም በፍተሻ ጊዜ ዕቃውን ከጥፍር መቁረጫነት ወደ ቢላዋነት ልትቀይረው እንደምትችል መታወስ አለበት።

ሁለተኛው ትንሿ የስዊስ ሰንጢ ናት። በዚህ መስክ መለኪያ ተደርጋ የምትታየው የቪክቶሪኖክስ ኩባንያ ክላሲክ ኤስ ዲ ስትሆን፣ ተጣጥፋ ርዝመቷ 58 ሚሊ ሜትር፣ ክብደቷም 21 ግራም ያህል ነው። 4 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነች ስለት፣ መቀስ፣ ጫፉ እንደ ካቻቢቴ የሚያገለግል የጥፍር ሞረድ፣ ወረንጦና ስቴኪኒ ይዛለች። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ1884 በስዊዘርላንድ ኢባክ በሚባል ሥፍራ የተቋቋመ ሲሆን፣ ለአገሩ ሠራዊት ሰንጢ ማቅረብ የጀመረው በ1891 ነው። ስሙ የተወሰደው ቪክቶሪያ ከምትባለው የመሥራቹ እናት ስምና የማይዝግ ብረትን ከሚያመለክተው ኢኖክስ ከሚለው የፈረንሳይኛ ቃል ነው።

ሦስተኛው ዋናው መሣሪያው መቀስ የሆነ ዓይነት ነው። የአሜሪካው ሌዘርማን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1996 ያወጣው ማይክራ በዚህ ረገድ ይጠቀሳል። ተጣጥፎ ርዝመቱ 6.5 ሴንቲ ሜትር፣ ክብደቱ ደግሞ 50 ግራም ገደማ ነው። ሁለቱ እጀታዎች ሲዘረጉ መሀል ላይ ጠንካራ መቀስ ይወጣል። ስለት፣ ወረንጦ፣ ካቻቢቴና ቆርኪ መክፈቻ በእጀታዎቹ ውስጥ ተሰክተዋል። መቀሱ ከስዊሷ መቀስ ይበልጥ ጉልበት ያለው ሲሆን፣ ጉድለቱ ስለቷን ብቻ ለማውጣት ዕቃውን በሙሉ መክፈት ማስፈለጉ ነው።

አራተኛው ፒንሳ ያለው ነው። የጌርበር ኩባንያ ዳይም የተባለ ምርት እ.ኤ.አ. በ2012 ገበያ ላይ የዋለ ሲሆን፣ በ7 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ውስጥ በሞላ የሚከፈት ፒንሳ፣ ስለት፣ መቀስና የማሸጊያ መቅደጃ መንጠቆ አጭቆ ይዟል። ክብደቱ 62 ግራም ያህል ስለሆነ የስዊሷን ሰንጢ ሦስት እጥፍ ይመዝናል። ቀጭን ሽቦ ለሚይዝና ትንሽ ብሎን ለሚፈታ ባለሙያ ይጠቅማል። ካርቶን ለመክፈት ብቻ ለሚፈልገው ሰው ግን ፒንሳው የማይጠቀምበት ሸክም ነው።

አምስተኛው ትንሹ ካተር ነው። ስለቱ ሲደነዝዝ በመስመሩ ላይ እየተሰበረ አዲስ ጫፍ የሚያወጣውን ካተር የፈለሰፉት እ.ኤ.አ. በ1956 የጃፓኑ የኦልፋ ኩባንያ መሥራቾች ናቸው። ሐሳቡ የመጣው በመስመሩ ከሚሰበር ቸኮሌትና ጫማ ሠሪዎች ይጠቀሙበት ከነበረ የተሰበረ መስታወት እንደሆነ ይነገራል። ለቁልፍ መያዣ የሚሠሩት ትንንሾቹ ካተሮች ጣት ሲገፋው ብቅ የሚል፣ አንዳንዶቹም ጣት ሲለቀው ወደ ቤቱ የሚመለስ አጭር ስለት አላቸው። ከብረት ፋንታ ሴራሚክ የሚጠቀሙም አሉ። ሴራሚክ አይዝግም፣ ስለቱም ቶሎ አይደንዝዝም፤ ነገር ግን ከተጠመዘዘ ወይም ከጠንካራ ነገር ጋር ከተጋጨ ይሸረፋል፣ በሞረድም አይሳልም።

ስድስተኛው ስለት አልባው ነው። የጌርበር ሻርድ የተባለው ጠፍጣፋ ብረት የካቻቢቴ ጫፎች፣ ቆርኪ መክፈቻና መፈልቀቂያ ሲኖሩት ቢላዋ የለውም። የካርቶን ፕላስተር በጫፉ ተወግቶ ይቀደዳል እንጂ አይቆረጥም። መልከ ጥፉ ሥራ ይሠራል፤ በፍተሻ በር ግን ከሌሎቹ ይልቅ በቀላሉ ያልፋል።

ለየትኛው ሥራ የትኛው?

ለካርቶን ፕላስተር ረጅም ስለት አያስፈልግም። እንዲያውም ረጅሙ ስለት ነው ዕቃ የሚያበላሸው። ከፕላስተሩና ከካርቶኑ ውፍረት አልፎ የሚገባ ስለት በውስጥ ያለውን ልብስ፣ የወተት ዱቄት ከረጢት ወይም የስልክ መሸፈኛ ይሰነጥቃል። ለዚህ ሥራ ተመራጩ አጭር ካተር ወይም መንጠቆ መሰል መቅደጃ ነው። የስዊሷን ሰንጢ የያዘ ሰው ስለቷን ትቶ የሞረዱን ጫፍ ቢጠቀም ፕላስተሩን ይቀዳል፣ ዕቃውንም አይነካም።

ለሲባጎና ለኬሻ መስፊያ ክር መቀስ ይበልጣል። ክር በቢላዋ ሲቆረጥ እጅ ወደ ሰውነት እየሳበ ስለሚሠራ አደጋ አለው። መቀስ ግን ክሩን በሁለት በኩል ይዞ ይቆርጠዋል። ወፍራም ሲባጎ ላይ የማይክራ መቀስ ከስዊሷ መቀስ ይሻላል፤ ስስ ክር ላይ ልዩነታቸው እምብዛም ነው።

ካርቶን የሚታሰርበት ጠፍጣፋ ጠንካራ የፕላስቲክ ማሰሪያ ለትንንሽ መቀሶች ፈተና ነው። ሰንጢው በማሰሪያውና በካርቶኑ መካከል ገብቶ ወደ ውጭ ሲሳብ በቀላሉ ይበጥሰዋል። ይሁን እንጂ ማሰሪያው በውጥረት ላይ ስለሚገኝ ሲበጠስ ይፈናጠራል፤ ፊትን ዘወር ማድረግ ያሻል።

ሽቦ በየትኛውም መቀስ መቆረጥ የለበትም። አንድ ቀጭን የመዳብ ሽቦ እንኳ የመቀሱን ስለት ሊሸርፈው ይችላል። ከዚያ በኋላ መቀሱ ክርን ከመቁረጥ ይልቅ ማጠፍ ይጀምራል። የሽቦ ሥራ ያለው ሰው ፒንሳ ያለውን ዓይነት ይግዛ።

ብዙ መሣሪያ የያዘውን መምረጥ ሁልጊዜ ብልህነት አይደለም። አሥራ ሁለት መሣሪያ በጣት በምታክል ዕቃ ውስጥ ሲታጨቅ እያንዳንዱ ይቀጥናል፣ ያጥራል፣ ለማውጣትም ጥፍር ይሰብራል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንደሚባለው፣ ለዓመት አንዴ ለሚፈለግ መሣሪያ ሲባል በየቀኑ የሚፈለገው ይጎዳል።

ክብደትም ዋጋ አለው። ጄኔራል ሞተርስ እ.ኤ.አ. በ2014 ወደ 2.6 ሚሊዮን የሚጠጉ መኪኖችን በማስነሻ ቁልፍ ጉድለት ምክንያት ለጥገና ሲጠራ፣ ጥገናው እስኪፈጸም ድረስ ባለ መኪኖች ከማስነሻ ቁልፋቸው ላይ ሌላውን ተንጠልጣይ ሁሉ እንዲያነሱ መክሮ ነበር። ምክንያቱም ክብደቱ ቁልፉን ከቦታው ሊያንሸራትተው ይችል ስለነበር ነው። ሁሉም መኪና ይህ ጉድለት ባይኖርበትም፣ 60 ግራም የሚመዝን ብረት ከመኪና ቁልፍ ይልቅ ከሱቅ ቁልፍ ጋር ቢንጠለጠል ይመረጣል።

ብረቱና ማጠፊያው

በመስኮት ሲታዩ ሁለት ሰንጢዎች አንድ ሊመስሉ ይችላሉ። የዋጋ ልዩነቱ ያለው ዓይን በማያየው ቦታ ነው፤ በብረቱ የሙቀት አያያዝና በማጠፊያው አገጣጠም።

የስለት ብረት ከተሠራ በኋላ በከፍተኛ ሙቀት ግሎ፣ በፍጥነት ቀዝቅዞ፣ ቀጥሎም በልኩ እንደገና ሞቆ ጥንካሬውን ያገኛል። ከልኩ በታች ከጠነከረ ቶሎ ይደነዝዛል፤ ከልኩ በላይ ከጠነከረ ይሸረፋል። ጥንካሬው ሮክዌል በሚባል መለኪያ ይለካል። ቪክቶሪኖክስ ለሰንጢዎቹ ስለት 56፣ ለመቀስና ለጥፍር ሞረድ 53፣ ለካቻቢቴና ለቆርኪ መክፈቻ 52፣ ለሞላው 49 የሮክዌል መጠን ይሰጣል። አሠራሩ ቀላል ትምህርት አለው። የሚቆርጠው እንዲጠነክር፣ የሚጠመዘዘው እንዲታገሥ፣ የሚለጠጠው እንዲለዝብ ተደርጎ እያንዳንዱ ክፍል ለብቻው ይዘጋጃል። በርካሹ ዕቃ ላይ ግን ሁሉም ክፍል ከአንድ ዓይነት ቆርቆሮ ተቆርጦ አንድ ዓይነት ሙቀት ሊያገኝ፣ አንዳንዴም ምንም ላያገኝ ይችላል። እንዲህ ያለው ካቻቢቴ ጫፉ ይጠመዘዛል፤ ስለቱም በጥቂት ካርቶን ይደነዝዛል።

በገበያ ላይ የተለመደ አንድ የተሳሳተ ሙከራ አለ። ብዙ ገዢዎች ማግኔት አስጠግተው፣ ከሳበው የማይዝግ ብረት አይደለም ብለው ይደመድማሉ። ይህ ለማንኪያና ለድስት አንዳንድ ጊዜ ሊያገለግል ቢችልም ለስለት አይሠራም። ለቢላዋና ለመቀስ የሚውለው የማይዝግ ብረት በሙቀት የሚጠነክር ዓይነት በመሆኑ ማግኔት ይስበዋል። እንዲያውም ማግኔት ፈጽሞ የማይስበው የብረት ስለት ቢገኝ ነው መጠርጠር ያለበት።

ትክክለኛው ሙከራ በሱቁ መደርደሪያ ላይ በአንድ ደቂቃ ያልቃል። በመጀመሪያ ስለቱ ተከፍቶ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ይነቀነቃል፤ አዲስ ዕቃ የሚላወስ ከሆነ ነገ ይባስ ብሎ ይላላል። ቀጥሎ ስለቱ ሲከፈትና ሲዘጋ ሞላው ጠቅ ብሎ መያዙ ይታያል። ሳይያዝ የሚወድቅ ስለት ኪስ ውስጥ ሊከፈት ይችላል። ሦስተኛ፣ መቀሱ ተዘግቶ ወደ ብርሃን ይያዛል፤ ሁለቱ ስለቶች ጫፋቸው ላይ ካልተገናኙ መቀሱ በጫፉ አይቆርጥም። አራተኛ፣ አንድ ነጠላ ክርና አንድ ቁራጭ ስስ የናፕኪን ወረቀት በመቀሱ ጫፍ ይሞከራል። ክሩን ካጠፈው፣ ወረቀቱንም ካኘከው፣ ዕቃው ምንም ያህል ቢያብረቀርቅ መመለስ አለበት።

የስም ማስመሰልም አለ። በቀይ መደብ ላይ ነጭ መስቀል የታተመበት ሁሉ የስዊስ ሥራ አይደለም። በእውነተኛው ሰንጢ ላይ የአምራቹ ስምና የተሠራበት አገር በስለቱ ሥር፣ በብረቱ ላይ ተቀርጾ ይገኛል፤ እጀታው ላይ ያለው ምልክት ብቻ ማስረጃ አይሆንም። ክላሲክ ኤስ ዲ በአሜሪካ የችርቻሮ ገበያ 20 ዶላርና ከዚያ በላይ የሚሸጥ ዕቃ ስለሆነ፣ በሽርፍራፊ ዋጋ በጅምላ ከቀረበ ነገሩ ራሱ ይናገራል። አስመስሎ የተሠራ ምልክት ያለበትን ዕቃ ማስገባት በንግድ ምልክት ምዝገባና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 501/1998 መሠረት ሊያስጠይቅ እንደሚችልም አስመጪዎች ሊዘነጉ አይገባም።

በር ላይ የሚቀረው

የእነዚህን ዕቃዎች ገበያ ከሁሉ በላይ የለወጠው አንድ ቀን ነው። እስከ እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 11 ቀን 2001 ድረስ በአሜሪካ ስለቱ ከ4 ኢንች፣ ማለትም ከ10 ሴንቲ ሜትር ያነሰ ሰንጢ ይዞ አውሮፕላን ላይ መውጣት ይፈቀድ ነበር። በአውሮፓ አውሮፕላን ማረፊያዎች ውስጥ የስዊስ ሰንጢ ለመንገደኛ የሚሸጥ የታወቀ ስጦታ ነበር። በዚያ ቀን፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር መስከረም 1 ቀን 1994 ዓ.ም. በዘመን መለወጫ ዕለት፣ ጠላፊዎች በትንንሽ ስለቶች ታግዘው አውሮፕላኖችን በኒውዮርክና በዋሽንግተን ላይ ጥቃት ለማድረስ ከተጠቀሙባቸው በኋላ ሰንጢ ከመንገደኛ እጅ ወጣ። የቪክቶሪኖክስ የኪስ ሰንጢ ሽያጭ በአጭር ጊዜ ውስጥ ከ30 በመቶ በላይ ወደቀ።

ኩባንያው የወሰደው እርምጃ ለነጋዴ ትምህርት የሚሆን ነው። ሠራተኛ ከማባረር ይልቅ አዲስ ቅጥርን አቆመ፣ ትርፍ ሰዓትን ቀነሰ፣ የተወሰኑ ሠራተኞቹንም ለአካባቢው ድርጅቶች በውሰት ሰጠ። በሌላ በኩል የእጅ ሰዓት፣ የጉዞ ሻንጣና ሽቶ ሥራውን አስፋፋ፤ እ.ኤ.አ. በ2005 ደግሞ ተፎካካሪውን ቬንገርን ገዛ። በ2024 የኩባንያው ኃላፊ ስለት የሌለው የኪስ መሣሪያ እያዘጋጁ መሆናቸውን አስታውቀዋል። ከመቶ ዓመት በላይ በስለት የኖረ ድርጅት ስለት የሌለው ሰንጢ ለመሥራት መነሳቱ ገበያው ወዴት እያዘነበለ እንደሆነ ያመለክታል።

የፍተሻው ደንብ ከአገር አገር ይለያያል። በአሜሪካ ማንኛውም ሰንጢ፣ ስለቱ የቱንም ያህል አጭር ቢሆን፣ በእጅ ሻንጣም ሆነ በኪስ ወደ መንገደኞች ክፍል አይገባም። እ.ኤ.አ. በማርች 2013 የአገሪቱ የትራንስፖርት ደኅንነት መሥሪያ ቤት ስለታቸው ከ6 ሴንቲ ሜትር የማይበልጥ ትንንሽ ሰንጢዎችን ለመፍቀድ ቢያስብም፣ የአውሮፕላን አስተናጋጆችና ሌሎች አጥብቀው በመቃወማቸው በዚያው ዓመት በጁን ወር ሐሳቡን ሰርዟል። መቀስ ግን ከመገናኛ ሚስማሩ እስከ ጫፉ ከ4 ኢንች ካነሰ ከዲሴምበር 2005 ጀምሮ ይፈቀዳል። ጥፍር መቁረጫም ያልፋል። ቢላዋ የሌለበት ሁለገብ መሣሪያ ከ7 ኢንች ካልበለጠ ሊያልፍ ይችላል። ይህም ሆኖ የመጨረሻው ውሳኔ የፈታሹ ነው።

በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ክልከላው ስለታቸው ከ6 ሴንቲ ሜትር በሚበልጥ ቢላዋዎችና መቀሶች ላይ ነው። በዚህ ሚዛን 4 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስለት ያላት የስዊሷ ትንሽ ሰንጢ በደንቡ ልታልፍ ትችላለች፤ ካተርና ምላጭ ግን ቢያጥሩም አይፈቀዱም። ችግሩ የሚመጣው ጉዞው ሁለትና ሦስት አውሮፕላን ማረፊያ ሲያቋርጥ ነው። አንዱ በር ያሳለፈውን ሌላው በር ያስቀራል። ጓንዡ ለገበያ የሄደ ሰው ደግሞ ወደ ከተማው የምድር ባቡር ሲገባም ሻንጣው በኤክስሬይ ይታያል።

በር ላይ የሚቀረው ዕቃ ዱካው አይጠፋም። በአሜሪካ መንገደኞች ትተውት የሚሄዱት ሰንጢና መቀስ ለየግዛቱ መንግሥታት የንብረት ክፍል እየተላለፈ በጅምላ ለጨረታ ይቀርባል። የፔንሲልቬኒያ ግዛት በዚህ ሽያጭ ይታወቃል። ገዢዎቹ ዕቃውን እየመረጡና እያጸዱ መልሰው ይቸረችሩታል። ኪሳራው የመንገደኛው፣ ትርፉ የሌላ ነጋዴ ነው።

ለዘመድ ስጦታ የሚልኩም የሚደርስበትን አገር ሕግ ማየት ይገባቸዋል። በእንግሊዝ ያለ ምክንያት በአደባባይ ሊያዝ የሚችለው የማይቆለፍና ስለቱ ከ3 ኢንች፣ ማለትም ከ7.62 ሴንቲ ሜትር ያልበለጠ ታጣፊ ሰንጢ ነው። በጀርመን በአንድ እጅ ተከፍቶ የሚቆለፍ ሰንጢን ያለ በቂ ምክንያት ይዞ መዞር እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ የተከለከለ ሲሆን፣ በ2024 በሕዝባዊ በዓላትና በረጅም ርቀት ባቡሮች ላይ ቢላዋ መያዝን የሚከለክል ተጨማሪ ሕግ ወጥቷል። የስዊሷ ትንሽ ሰንጢ አትቆለፍም፤ በብዙ አገር ተቀባይነት ያገኘችበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው።

አስመጪው ምን ይመልከት?

ከቻይና ለሚያስመጣ ነጋዴ የዚህ ዕቃ ዋና ምንጭ በጓንግዶንግ ክፍለ ሀገር የምትገኘው ያንግጂያንግ ከተማ ናት። ቢላዋና መቀስ የከተማዋ ነባር ኢንዱስትሪ ነው። እዚያ የሚቀርበው ዕቃ ከደካማው እስከ ጥሩው ስለሆነ ትዕዛዝ ሲሰጥ ሰንጢ ብሎ ማዘዝ አይበቃም። የብረቱ ዓይነት፣ የስለቱ ጥንካሬ በሮክዌል ቁጥር፣ የሞላው ዓይነትና የእጀታው ቁስ በውሉ ላይ መስፈር አለባቸው። ናሙና ታይቶ ከሚላከው ጭነት ውስጥ በዘፈቀደ ተመርጦ እንዲፈተሽ ማድረግም ከኋላ ጭቅጭቅ ያድናል።

የጉምሩክ አመዳደብም ጥንቃቄ ይፈልጋል። በዓለም አቀፉ የኤች ኤስ ኮድ አከፋፈል ቢላዋና ሰንጢ በ82.11፣ መቀስ በ82.13፣ ጥፍር መቁረጫ በ82.14፣ ፒንሳ በ82.03 ሥር ይመደባሉ። አንድ ዕቃ አራቱንም አጣምሮ ሲይዝ በየትኛው ይመደብ የሚለው ክርክር ሊያስነሳ ይችላል። ስለዚህ በኢንቮይሱ ላይ የቁልፍ መያዣ ብሎ አድበስብሶ ከመጻፍ ይልቅ የዕቃውን ዋና አገልግሎት፣ የስለቱን ርዝመትና ያሉትን መሣሪያዎች በግልጽ ማስፈር ይሻላል። አድበስባሽ መግለጫ ዕቃውን መጋዘን ውስጥ ያቆየዋል፤ መጋዘን ደግሞ በቀን ይቆጥራል።

የትዕዛዙ ስብጥርም መታሰብ አለበት። ስለት ያለው ዕቃ ብቻ ያከማቸ ነጋዴ አንድ አዲስ ክልከላ ሲወጣ ይጎዳል። ጥፍር መቁረጫ፣ ትንሽ መቀስና ስለት አልባው ዓይነት የትርፍ ኅዳጋቸው ጠባብ ቢሆንም ከደንብ ለውጥ የራቁ ናቸው። ከእነርሱ ጋር መጠነኛ ሰንጢ ማቀላቀል አደጋውን ያከፋፍላል።

የአገር ውስጡ ሥራም የራሱ ቦታ አለው። በምናለሽ ተራ ከአሮጌ ብረት የሚቀጠቀጡት ቢላዋዎች ለኩሽናና ለእርድ የሚሠሩ ጠንካራ ዕቃዎች ናቸው። በቁልፍ መያዣ መጠን ግን ሞላና ጥቃቅን መቀስ አገጣጥሞ መሥራት ሌላ ማሽን የሚጠይቅ በመሆኑ፣ ሁለቱ ገበያዎች እስካሁን አይጋፉም። ስለት መሳል ግን የጋራ ሥራ ነው። የተገዛው ሰንጢ ሲደነዝዝ በትልቁ የመሳያ ድንጋይ ላይ ማስያዝ ስሱን ስለት ያቃጥለዋል፣ ጥንካሬውንም ያጠፋዋል። በጥሩ ጠፍጣፋ የመሳያ ድንጋይ ላይ በውኃ ጥቂት ጊዜ ማመላለስ ይበቃል።

ማጠቃለያው

ከሱቁ ብዙ የማይርቅ፣ ካርቶን የሚከፍት ነጋዴ አጭር ካተር ወይም ትንሿን የስዊስ ሰንጢ ቢይዝ ይበቃዋል። የልብስና የጨርቅ ነጋዴ መቀስ ያለውን ይምረጥ። የኤሌክትሪክና የስልክ ዕቃ ሻጭ ፒንሳ ያለው ይጠቅመዋል። በየወሩ አውሮፕላን የሚሳፈር ሰው ደግሞ ከቁልፉ ጋር ጥፍር መቁረጫ ወይም ስለት አልባውን ያንጠልጥል፤ ሰንጢው ከሚጫነው ሻንጣ ውስጥ ይሁን።

ለዚህ ሁሉ መፍትሔ የሚሆነው ትንሹ ወጪ ሰንጢው ራሱ ሳይሆን የሚንጠለጠልበት ቀለበት ነው። በጣት ተጭነው የሚለዩት ባለ መንጠቆ ቀለበት ዋጋው ርካሽ ነው። ለጉዞ በሚነሳበት ማለዳ ሰንጢውን ከቁልፉ ነጥሎ ሻንጣው ውስጥ የጨመረ ሰው ከፈታሽ ጋር አይከራከርም፣ የደከመበትንም ዕቃ ለማያውቀው ተጫራች ትቶ አይሄድም።